ሁለቱ ሃርድ ዲስኮችና የእናቴ ጊደር

አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ፣ ፍኖተ ሰላም መናኸሪያ ጀርባ ካለ አንድ ጌም ቤት በር ላይ ጊደር ታስራ ቆማ ነበር። ያለፈ ያገደመው ሁሉ ዘወር እያለ ያያታል። ውስጥ እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ የፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጣለች፤ ከኋላዋ ከሃያ የማያንሱ ጎረምሶች ቆመዋል፤ ፊት ለፊቷ ሁለት ኮምፒውተሮች ጎን ለጎን ተደርድረዋል። የጊደሯ ዕጣ የሚቆረጠው በዚያ ክፍል ውስጥ ነበር። የኔም እንደሆነ ግን አላወቅሁም። ነገሩን ከመጀመሪያው ልንገራችሁ።

ጊዜው የሚሊኒየሙ በዓል ካለፈ በኋላ ባሉት ዓመታት ነው። ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። ቡሬ ገብቼ የኮምፒውተር ጥገና ተምሬ፣ ተመርቄ፣ ፍኖተ ሰላም ከተመለስኩ ዓመት ሊሞላኝ ነው። በሙያዬ ግን ሥራ አላገኘሁም። አቶ ሙላት የሚባሉ ሰው ጽሕፈትና ኮፒ ቤት ውስጥ ማመልከቻ እተይባለሁ። የድንበር ክርክር፣ የቀለብ አቤቱታ፣ የዝውውር ጥያቄ… የወረዳው ሰው ብሶት ሁሉ በጣቶቼ በኩል ያልፋል። ማሽን ሲበላሽ እንኳ አቶ ሙላት ለኔ አያሳዩኝም፤ በብርድ ልብስ ጠቅልለው ባሕር ዳር ይልኩታል። «የአንቺ ጣት ለጽሕፈት የተፈጠረ ነው» ይሉኛል። ማሞገሳቸው ነው።

ጌም ቤቱ የታላቅ ወንድሜ የሀብታሙ ነው። በጥቃቅንና አነስተኛ ተደራጅቶ ባገኘው የቆርቆሮ ሼድ ውስጥ ሦስት ኮምፒውተርና አንድ ፕሌይስቴሽን አለው። የከተማው ወጣት ከትምህርትና ከሥራ ሲመለስ እዚያ ገብቶ የእግር ኳስ ጌም ይጫወታል። ችግሩ፣ ኮምፒውተሮቹ ላይ ጨዋታው ይንቀራፈፋል። ልጆቹ «ስታክ አደረገ!» ብለው ይጮኻሉ። ተጫዋቹ ኳሷን ይዞ ጎል ሊያገባ ሲል ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ሲነቃ ኳሷ የሌላ ሰው እግር ላይ ነች። በዚህ ምክንያት ስንት ጓደኛሞች እንደተኳረፉ አልቆጥረውም። ያ ሳይበቃ የቡሬ ወጣቶች ሊገጥሙን ቀጠሮ ይዘዋል፤ የቀረው ሁለት ሳምንት ነው። ሀብታሙ እንግዳ ጠርቶ በሚንቀራፈፍ ማሽን ከማጫወት ሞቱን ይመርጣል።

በዚያ ሰሞን ሲሳይ የሚባል ሰው ከአዲስ አበባ መጣ። አንድ ሆቴል ውስጥ ካሜራና ኔትወርክ ሊዘረጋ ነው የመጣው። ሰው ሁሉ «ኢንጂነር» ይለዋል፤ ይሁን አይሁን የጠየቀው የለም። ጨዋታ ስለሚወድ ማታ ማታ ጌም ቤት ይገባል። ሀብታሙ ችግሩን ቢነግረው መድኃኒቱን በአንድ ቃል ሰጠው፦ ሬይድ።

ዓርብ ምሳ ላይ ሀብታሙ ያንን ሲነግረኝ አፉ በጉርሻ ተሞልቶ ነበር።

«ሁለት ሃርድ ዲስክ አንድ ላይ ይገጠማል። ማሽኑ ሲያነብ ግማሹን ከአንዱ፣ ግማሹን ከሌላው እኩል ይቀዳል። ሁለት በሬ እንደመጥመድ በይው።»

«እና?»

«እናማ ፍጥነቱ እጥፍ! ሦስቱንም ማሽን ብናደርግ የቡሬ ልጆች አፋቸውን ይዘው ነው የሚመለሱት።»

እንጀራውን ትቼ ቀና አልኩ። «ፋይል ማንበቡስ ይፈጥናል። ጨዋታው የሚንቀራፈፈው ግን በዚያ አይመስለኝም። አንዴ ከተከፈተ ወዲያ ሥራው ያለው ማሽኑ የሚሠራበትን ለጊዜው በሚይዝበት ቦታ፣ ራሙ ላይ ነው፣ ምስሉን በሚስለው ክፍል ላይ ነው። ሃርድ ዲስኩማ ጎተራ ነው፤ ጎተራውን ሁለት ብታደርገው…»

«እታለም» አለኝ ሳቅ ብሎ፣ «አንቺ ማመልከቻሽን ተይቢ።»

በፍቅር ነው ያለኝ። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። ወደ እንጀራዬ ተመለስኩ፤ እውነቱን ለመናገር እርግጠኛ አልነበርኩም። ሃርድ ዲስክ ማጣመርን የተማርኩት በሰሌዳ ላይ ነው፤ በእጄ ገጥሜው አላውቅም። የአዲስ አበባው ሰው ግን ስንቱን እንደገጠመ ማን ያውቃል?

ሀብታሙ እጁን ሳይታጠብ እናታችን ጋ ደወለ። እናቴ ከጅጋ መንገድ ገባ ብሎ ባለው ቀበሌ ነው የምትኖረው። አባታችን ካረፈ ወዲህ እርሻውን የምታሳርሰው፣ ከብቱን የምታረባው እሷ ናት። ስልክ ስታወራ ጎረቤት እስኪሰማ ስለምትጮህ እያንዳንዱ ቃል ይደርሰኝ ነበር። ሀብታሙ ዙሪያ ጥምጥም ሄዶ ሄዶ፣ ለሃርድ ዲስኮቹ መግዣ ጊደሯን ብትሸጥለት፣ ከጨዋታው በኋላ በጥጃ እንደሚተካላት ነገራት።

ጊደሯ ጥቁርና ነጭ ዝንጉርጉር ስለሆነች ስሟ ቡሬ ነው።

«እንዴ ሀብታሙ» አለች እናቴ፣ «ቡሬን ለመርታት ቡሬን ሽጪ ነው የምትለኝ?»

ሀብታሙ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም። «ነገ ይዣት እመጣለሁ። ገበያ ከማውጣቴ በፊት ግን ነገሩን በዓይኔ አያለሁ» ብላ ዘጋችው።

ቅዳሜ ሦስት ሰዓት ላይ ደረሰች። ጊደሯን የመብራት ምሰሶው ላይ አስራ፣ እግሯን በር ላይ ጠርጋ ገባች። ኢንጂነሩ የራሱን ሁለት ሃርድ ዲስክ ዓርብ ከሰዓት በመካከለኛው ማሽን ላይ ገጥሞ፣ ጨዋታውን ጭኖ፣ ሁሉን አሰናድቷል። ከወንበሩ ተነስቶ ጎንበስ ብሎ ተቀበላት።

«እንኳን ደህና መጡ እናቴ።»

«ደህና ነህ ልጄ? ሁለቱን አንድ የምታደርገው አንተ ነህ?»

«አዎ እናቴ፣ እኔ ነኝ።»

«እኔ እንዲያ የሚያደርግ ቄስ ብቻ ነበር የማውቀው» አለች። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ኢንጂነሩም ሳቀ፤ ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ እንደወደዳት አየሁ።

እኔ ከአቶ ሙላት ለአንድ ሰዓት አስፈቅጄ በሩ አጠገብ ቆሜያለሁ። ዳኛ እንዲሆን የተመረጠው የስፖርት መምህሩ አንዷለም ነው፤ ተማሪ ሲያስሮጥ የሚይዛትን ሰዓት አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ መጥቷል። ሕጉ ቀላል ነው፦ አንዱ ማሽን እንደነበረ ባለ አንድ ሃርድ ዲስክ፣ ሌላው የተጣመረው። ጨዋታው ተነክቶ ሜዳው እስኪታይ ያለው ጊዜ ይለካል።

መጀመሪያ አሮጌው ተነካ። ሁላችንም ትንፋሻችንን ይዘን ጠበቅን። አንዷለም «አንድ ደቂቃ ከስምንት!» አለ።

የተጣመረው ቀጠለ። ስክሪኑ ጠቆረ፣ ምስል ታየ፣ ስታዲየሙ ብቅ አለ። «አርባ አንድ ሴኮንድ!»

ጩኸቱ ቆርቆሮውን አንቀጠቀጠው። ልጆቹ ኢንጂነሩን ትከሻ ትከሻውን መቱት። ሀብታሙ ወደኔ ዞሮ ቅንድቡን ሰቀለ። እኔ ጆሮዬ ጋለ። ያየሁት እውነት ነው፤ ፈጥኗል፣ ሰዓቱ አይዋሽም። ዓርብ ዕለት አፌን ባልከፈትኩ ብዬ ወደ ሥራዬ ልመለስ ወደ በሩ ዞርኩ።

«በል ሀብቴ፣ ገመዱን ልፍታልህ?» አለ አንዱ ጎረምሳ።

እናቴ ከወንበሯ ንቅንቅ አላለችም። «ወዴት ነው የምትቸኩሉት?» አለች። «በሩ ቶሎ ተከፈተ። ቤቱን መቼ አየሁት? ግቡና ተጫወቱ እንጂ።»

እኔም እግሬ ቆመ።

ሁለት ልጆች በተጣመረው ማሽን ላይ ተቀመጡ። መጀመሪያ ደህና ሄደ። ኳሷ ወደ ጥግ ወጣች፣ የማዕዘን ምት ሆነ፣ ሁሉም ተጫዋች ጎሉ አፍ ላይ ተሰበሰበ፣ ጨዋታው ውስጥ ዝናብ ይዘንባል። አንዱ በጭንቅላት ሊመታ ዘለለና አየር ላይ ተሰቅሎ ቀረ።

እናቴ ጠጋ ብላ አየችው። «ይሄ ልጅ ምን ሆኖ ነው የማይወርደው?»

ቤቱ በሳቅ አውካካ። ኢንጂነሩ «ገና እስኪሞቅ ነው እናቴ» አለ። ጠበቅን። ሞቀ ተባለ። ሌላ የማዕዘን ምት መጣ፤ አሁንም ተሰቀሉ። ከዚያ በአሮጌው ማሽን አጫወቱ፤ እዚያም ተሰቀሉ።

«ሁለቱም ያነክሳሉ» አለች እናቴ። «አንዱ ቶሎ ከቤት ይወጣል እንጂ መንገድ ላይ ሁለቱም ያነክሳሉ።» ይህን ስትል ማንንም አላየችም። ኋላ ግን ወደ በሩ፣ ወደኔ ዞረች። «አንቺስ? አንድ ነገር ልትዪ አፍሽን ስትከፍቺ ስትዘጊ ነው ያየሁሽ።»

ሃያ ጎረምሳ ዞሮ አየኝ። ተራምጄ ወደ ኪቦርዱ ሄድኩና ማሽኑ ስለ ራሱ የሚናገርበትን መስኮት ከፈትኩ። ዓረንጓዴው መስመር ጣሪያ ነክቶ ቀጥ ብሏል።

«ይኸው ራሙ ሞልቷል» አልኩ፤ ድምፄ የሌላ ሰው ድምፅ መሰለኝ። «ጨዋታው ዝናቡንም፣ ተመልካቹንም፣ ሃያ ሁለቱንም ተጫዋች የሚይዝበት ቦታ የለውም። ምስል የሚስለውም ክፍል የራሱ ቦታ ስለሌለው ከዚሁ ነው የሚበደረው። ቦታ ሲያጣ ወደ ሃርድ ዲስኩ ይሮጣል፤ ሃርድ ዲስክ ደግሞ አንድም ይሁን ሁለት ከራም ጋር ሲተያይ ኤሊ ነው። ተጫዋቹ አየር ላይ የሚሰቀለው ያኔ ነው።»

ኢንጂነሩ መነጽሩን አውልቆ ስክሪኑን አየ። አልተከራከረኝም። ሀብታሙ ግን «በወሬ ነው እንዴ?» አለ።

«እውነቱን ነው» አለች እናቴ። «ኢንጂነሩ ሠርቶ አሳየ። አንቺም ሠርተሽ አሳዪ።»

ከዚያ ያደረግሁትን ዛሬም ሳስበው ይገርመኛል። ነጠላዬን ወገቤ ላይ አስሬ ወደ ጽሕፈት ቤቱ ሮጥኩ። የአቶ ሙላት ማሽኖችና የሀብታሙ ማሽኖች በአንድ ነጋዴ እጅ የመጡ ስለሆኑ ዕቃቸው አንድ ዓይነት ነው። አቶ ሙላት የአንድ ገበሬ ማመልከቻ በሁለት ጣታቸው እየለቀሙ ይተይባሉ።

«ጋሼ፣ ከሁለቱ ማሽኖች ራማቸውን አውጥቼ ለአንድ ሰዓት ልውሰድ።»

«ምናቸውን?»

«ሆዳቸው ውስጥ ያለ ትንሽ ነገር ነው።»

«ሆዱን ልትከፍቺው!» ብለው ከወንበራቸው ብድግ አሉ። «ባሕር ዳር ያሉት እንኳ ሦስት ቀን ነው የሚፈጅባቸው!»

«ጋሼ፣ ቢበላሽ ከነገ ጀምሮ ፊቴን አያዩትም። አንድ ዓመት አብሬዎት ሠርቻለሁ፤ አንድ ነገር ለምኜዎት አውቃለሁ?»

ለምኛቸው አላውቅም ነበር። ኮፍያቸውን አነሱ። «ክፈቺው። እኔም አብሬ እመጣለሁ፤ ዕቃዬን ከዓይኔ አልለይም።» በሩን ቆለፉ። ባለ ማመልከቻው ገበሬም ዱላውን ይዞ ተከተለን። ምን እንደሆነ አልገባውም፤ ብቻውን ቀርቶ ምን ያደርጋል?

ራሞቹን የገጠምኩት አሮጌው፣ ባለ አንድ ሃርድ ዲስኩ ማሽን ላይ ነው። ከኋላዬ ያለው ሰው ሁሉ እስትንፋሱ አንገቴ ላይ ያርፋል። ክዳኑን ከፍቼ፣ አቧራውን እፍ ብዬ፣ ገጥሜ፣ ማብሪያውን ተጫንኩ።

ጲጵ። ጲጵ። ጲጵ።

ስክሪኑ ጥቁር ነው። አንዱ ሳቀ፤ ሌላው ተከተለ። ሀብታሙ ግንባሩን ያዘ። አቶ ሙላት «ወይኔ ዕቃዬ» አሉ በቀስታ። ኢንጂነሩ ጎንበስ ብሎ በጆሮዬ «ተረጋጊ፤ አውጥተሽ ጥርሶቹን አጽጂያቸው» አለኝ። የሱን ሐሳብ ላፈርስ ነበር የቆምኩት፤ ያቺን ቃል ግን መቼም አልረሳትም።

«ላጲስ ያለው?» አልኩ።

አንዷለም ከኪሱ አወጣ። የራሞቹን ቢጫ ጥርሶች አንድ በአንድ በላጲስ አሸሁ፣ በነጠላዬ ጫፍ ጠረግሁ፣ መልሼ ቀጭ እስኪል ተጫንኩ። አበራሁ።

አንድ ጲጵ። ከዚያ ብርሃን።

ጨዋታው ሲከፈት እንደ በፊቱ ከአንድ ደቂቃ በላይ ፈጀ። ማንም አልጮኸም። ልጆቹ ተጫወቱ፤ እስከ ማዕዘኑ ምት የነበረው ጊዜ የዓመት ያህል ረዘመብኝ። ዝናቡ ይዘንባል፣ ተጫዋቾቹ ተሰበሰቡ፣ ኳሷ መጣች፣ አንዱ ዘለለ፤ ወረደ! ኳሷ መረብ ውስጥ ገባች። ሌላ የማዕዘን ምት። ዘለሉ፣ ወረዱ። እንደ ጅረት ውኃ ፈሰሰ።

የጮኸ አልነበረም። ያየሁት ሌላ ነገር ነው፦ በተጣመረው ማሽን ዙሪያ የነበሩት ልጆች አንድ በአንድ ወንበራቸውን እየጎተቱ ወደኔው ማሽን መጡ። እናቴ ያንን አይታ እጇን አጨበጨበች።

«አበጀሽ!» አለችኝ።

በኛ አገር አበጀሽ ማለት ጎበዝ ማለት ነው። ጠገንሽው ማለትም ነው። እናቴ የትኛውን ማለቷ እንደሆነ ዛሬም አልጠየቅኋትም።

ኢንጂነሩ ወንበር ስቦ አጠገቧ ተቀመጠ። «እናቴ፣ ልጅዎ ልክ ናት። እኔ የሠራኋቸው ማሽኖች ራማቸው ሰፊ ስለነበር ጉድለቱ አልታየኝም» አለ። በዚያው ቅጽበት መብራት ድርግም ብሎ ጠፋ፤ ወዲያው መጣ። የኔው ማሽን ተነሳ። የሱ ግን ሁለት ሃርድ ዲስክ ፈልጎ አንዱን አጣ። ነቀለ፣ ሰካ፣ ነካካ፤ የለም። አንገቱን እየነቀነቀ በራሱ ላይ ሳቀ። «ሌላ ያልነገርኋችሁ ነገር አለ» አለ። «ሁለቱ ግማሽ ግማሽ ስለሚይዙ፣ አንዱ ከሞተ በሌላው ያለውም አይነበብም።»

እናቴ ተነስታ ነጠላዋን አስተካከለች። ገመዱን ፈትታ ጊደሯን ወደ ገበያው ሳይሆን ወደ ጅጋ መንገድ አዞረቻት። ሀብታሙ እስከ አስፋልቱ ሸኛት። ሲመለስ እኔ የአቶ ሙላትን ራሞች እየነቀልኩ ነበር። ከጎኔ ቁጢጥ አለና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣

«ስንት ራም ነው የሚያስፈልገን?» አለኝ።

«የሚያስፈልገን» ነው ያለው። ይቅርታ ብሎ ቢጠይቀኝ እንደዚያ ደስ አይለኝም ነበር።

ራሞቹን ኢንጂነሩ ከአዲስ አበባ ያገለገሉ አፈላልጎ አስመጣልን። ሦስቱንም ማሽን ራሴ ገጠምኩ። የቡሬ ልጆችም በቀጠሯቸው መጡ፤ አንድም ተጫዋች አየር ላይ ሳይሰቀል፣ አንድም ጊዜ ሳይንቀራፈፍ፣ በዋንጫው ጨዋታ አራት ለአንድ አሸነፉን! ማሽኑ ዳነ፤ የኛ ልጆች ማመካኛ አጡ። ሀብታሙ ሁለት ቀን እህል አልቀመሰም። ከቡሬዎቹ አንዱ ግን፣ ደሳለኝ የሚባለው፣ ሊሄዱ ሲሉ «እነዚህን ማሽኖች የሚሠራላችሁ ማነው? የኛዎቹ እንዲህ አይሄዱም» ብሎ ጠየቀ። ሀብታሙ ካኮረፈበት ጥግ ሆኖ በጣቱ ወደኔ ጠቆመ።

አንባቢዎቼ፣ ዛሬ ጥገና ቤት አለኝ፤ ሃርድ ዲስክ ላጣምር ወይ የሚል ደንበኛም አልጠፋም። ትልልቅ የቪዲዮ ፋይል የምታገላብጡ ከሆነ ይጠቅማችኋል እላለሁ፤ ኮፒ ግን ሌላ ቦታ አስቀምጡ። ለጨዋታ ከሆነ ጨዋታው ቶሎ ይከፈትላችሁ ይሆናል፣ ከዚያ በላይ አትጠብቁ፤ መጀመሪያ ራማችሁንና ምስል የሚስለውን ካርድ እዩ። ያ ቅዳሜ ለኔ ያስተማረኝ ግን የማሽን ነገር ብቻ አይደለም። ዓመት ሙሉ ሰው ሙያዬን እስኪጠይቀኝ ቆሜ ጠብቄ ነበር። የሚጠይቀኝ ያጣሁት ሰው ስለናቀኝ ይመስለኝ ነበር፤ ለካ እኔም አንድ ቀን እንኳ ክዳን ከፍቼ አሳይቼ አላውቅም። በእጃችሁ ሙያ ይዛችሁ በር አጠገብ የቆማችሁ ካላችሁ፣ እርግጠኛ እስክትሆኑ አትጠብቁ። እኔ እርግጠኛ የሆንኩት ተጫዋቹ መሬት ሲነካ ነው።

ያኔ ግን ደሳለኝ ማሽኖቻቸውን እንዳይላቸው ጠርቶኝ፣ ከዋንጫው ጨዋታ ማግስት ሰኞ ወደ ቡሬ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ቦርሳዬ ውስጥ ሁለት ብሎን መፍቻና አንድ ብሩሽ አለ። አጠገቤ የተቀመጡት ጋቢ የለበሱ ሽማግሌ «ለምን ጉዳይ ነው የምትሄጂ ልጄ?» አሉኝ።

«ለሥራ ነው አባቴ» አልኩ። ቃሉን በአፌ ሳወጣው ጣፈጠኝ።

«ምን ትሠሪያለሽ?»

«የተበላሸ ኮምፒውተር እጠግናለሁ።»

አሰብ አደረጉና ከጋቢያቸው ውስጥ በገመድ የታሰረች ትንሽ ሬዲዮ አወጡ። «እንግዲያው እግዜር ነው ያገናኘን። ከፋሲካ ወዲህ ድምፅ የላትም።»

ጉልበቴ ላይ ከፈትኳት። የባትሪው ሽቦ ዝጎ ኖሯል፤ በፀጉር ማስያዣዬ ፋቅሁት። ማንኩሳ ከመድረሳችን በፊት ሬዲዮዋ በሙሉ ድምጿ ስትናገር፣ ሚኒባሱ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ዞሮ አየን። ረዳቱም አንገቱን አስግጎ፣

«እህት» አለኝ፣ «የዚህስ መኪና ቴፕ?»